የሩዝን ዕድገት በምስልና በዘረመል ማጥናት፦ ጅማ ላይ ለሚሠራ ቡድን የትኛው መንገድ ያዋጣል?

ጅማ ላይ የሰብል ምርምር ሲነሣ ቡና ይቀድማል፤ መልኮ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከልም ስሙ የገነነው በቡና ነው። ሩዝ ግን በደቡብ ምዕራቡ ሞቃት አካባቢ፣ በጨዋቃና በጉራፈርዳ፣ ገበሬው ማሳ ላይ ከገባ ሰንብቷል። የትኛው ዝርያ ቶሎ ቅጠል አውጥቶ አረሙን ይቀድማል? ይህንን የሚወስነው የዘረመል ክፍልስ የቱ ነው? እነዚህ ጥያቄዎች ዛሬ የጅማ ተመራማሪና የድኅረ ምረቃ ተማሪ ጥያቄዎች ሆነዋል።

ፕሮፖዛል መጻፍ ሲጀመር ግን ጥያቄው ይለወጥና "ምን ካሜራ እንግዛ?" ይሆናል። ካሜራው መጨረሻ ላይ የሚመጣ ነገር ነው። መጀመሪያ የሚወሰነው የትኛው ባህርይ፣ በስንት የዘር ናሙና፣ በስንት ድግግሞሽ፣ በስንት ቀን ልዩነት እንደሚለካ ነው። በጂን ፍለጋ ሥራ ገንዘቡ ቀድሞ ወደ ድግግሞሽ፣ ከዚያ ወደ ቀናቱ ብዛት፣ ከዚያ ወደ ካሜራ ይሂድ የሚለው የዚህ መመሪያ አቋም ነው። በሦስት ባልዲ ተተክሎ በተራ ካሜራ የተነሣ ዝርያ፣ በአንድ ባልዲ ብቻ ተተክሎ በውድ መሣሪያ ከተነሣው ይልቅ ስለ ዘረመሉ የሚናገረው ይበልጣል።

## አማራጮቹ የሚመዘኑባቸው ነጥቦች

ባህርዩ ከምስሉ ይነበባል ወይ? የሩዝ ችግኝ ቅጠል ስፋቱ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር፣ ያደገው ደግሞ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ቅጠሉን ከጀርባው ለመለየት በስፋቱ ላይ ቢያንስ 3 ፒክስል ማረፍ ስላለበት አንድ ፒክስል ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ መሸፈን የለበትም። የመደብ ሽፋን፣ ማለትም ሰብሉ መደቡን ምን ያህል እንደሸፈነ፣ ብቻ ለሚፈልግ ግን ግማሽ ሴንቲ ሜትርም ይበቃል።

በአንድ ጠዋት ስንት ተክል ያዳርሳል? 200 ናሙና በ3 ድግግሞሽ 600 ባልዲ ነው። አንዱ ባልዲ 1 ደቂቃ ቢወስድ ሥራው 10 ሰዓት ይፈጃል። የሩዝ ቅጠል ፀሐይ ሲበረታና ውኃ ሲያጥረው ይጠቀለላል፤ ጠዋት 2 ሰዓት የተነሣ ተክልና ከቀኑ 8 ሰዓት የተነሣ ተክል እኩል ቢሆኑ እንኳ በምስል እኩል አይታዩም። መፍትሔው አንድ ብሎክ፣ ማለትም ሁሉም ናሙናዎች አንድ አንድ ጊዜ የሚገኙበት የባልዲ ቡድን፣ ሳያልቅ አለማቋረጥ ነው፤ ብሎክ 1 ዛሬ፣ ብሎክ 2 ነገ ቢነሣ የጊዜው ልዩነት በብሎክ ልዩነት ውስጥ ይጠቃለላል። ብሎክ በመካከሉ ከተቆረጠ ግን የሰዓቱ ልዩነት የዝርያ ልዩነት መስሎ ይቀራል፤ በኋላ የሚታረምበት መንገድ የለም።

መብራት ሲጠፋና ክረምት ሲገባ ይቀጥላል ወይ? ከሰኔ እስከ መስከረም የጅማ ሰማይ ደመናማ ነው፤ እርጥበቱም ሌንስ ላይ ሻጋታ እስከማብቀል ይደርሳል።

ክፍያው ምን ዓይነት ነው? አንዴ ተከፍሎ የሚያበቃ፣ በእያንዳንዱ ናሙና የሚከፈል ወይም በዶላር የሚከፈል ሊሆን ይችላል። በዶላርና በናሙና ብዛት የሚከፈለው አማራጭ በመካከል የመቆም አደጋው ከሁሉም ይበልጣል።

ቁጥሩ ከእውነተኛው ክብደት ጋር ተመሳክሯል ወይ? ምስሉ የሚሰጠው ስፋት እንጂ ክብደት አይደለም። በየትኛውም መንገድ ቢሠራ፣ በተለያየ ዕድሜ ላይ ያሉ ቢያንስ 30 ተክሎች ፎቶ በተነሡበት ቀን ተቆርጠው፣ በ70 ዲግሪ ለ72 ሰዓት ደርቀው፣ ክብደታቸው ከምስሉ ስፋት ጋር መነጻጸር አለበት።

## አማራጭ 1፦ በእጅ መለካት

ማስመሪያ፣ ሚዛን፣ ደብተር። ቁመት ይለካል፤ ከሥር የሚወጡት ተጨማሪ አገዳዎች፣ ቲለር የሚባሉት፣ ይቆጠራሉ፤ የአንድ ቅጠል ስፋት ደግሞ ርዝመት በስፋት ተባዝቶ በ0.75 ሲባዛ ይገኛል። ቲለር ለመቁጠር ዛሬም ከእጅ የሚበልጥ ርካሽ መንገድ የለም፤ አገዳዎቹ እርስ በርስ ስለሚከላለሉ ከተራ ፎቶ በትክክል መቁጠር ያስቸግራል። የሁዋጆንግ ግብርና ዩኒቨርሲቲ ቡድን በ2014 ባወጣው ጥናት ከቀለም ካሜራው ጎን ኤክስሬይ ሲቲ የተጠቀመው ለዚሁ ነው።

ድክመቱ ግልጽ ነው፤ ክብደት ለማወቅ ተክሉ ይቆረጣል፣ የተቆረጠ ተክል ደግሞ ነገ አያድግም። የመለኪያ ሰዎች ልዩነትም አለ። ሁለት ሰው ካለ እያንዳንዱ የራሱን ብሎክ ሙሉ በሙሉ ይለካ፤ ዝርያ ለዝርያ መከፋፈል ስሕተት ነው።

## አማራጭ 2፦ የፎቶ ሳጥን

ለአብዛኛው የጅማ ቡድን የምንመክረው ይህንን ስለሆነ ዝርዝሩን እናብዛው።

ሳጥኑ ማንኛውም ብረት በያጅ ሊሠራው ይችላል። ቁመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 1.5 ሜትር የሆነ የብረት ወይም የእንጨት ማዕቀፍ፣ ውስጡ በማያብረቀርቅ ሰማያዊ ጨርቅ የተሸፈነ፣ በአራቱም ማዕዘን አንድ ዓይነት ነጭ የኤልኢዲ መብራት የተገጠመለት። ነጭ ጀርባ የቅጠሉን ጠርዝ ያደበዝዛል፤ ጥቁር ደግሞ ከጥላ ጋር ይቀላቀላል። ሰማያዊ ቀለም ተክል ላይም አፈር ላይም ስለሌለ ለመለየት ይቀላል።

እያንዳንዱ ተክል ሦስት ጊዜ ይነሣል፦ ከላይ አንድ፣ ከጎን ሁለት፣ ሁለተኛው ባልዲው 90 ዲግሪ ከዞረ በኋላ። ከላይ ብቻ ማንሣት ጊዜ ቢቆጥብም ሩዝ ቲለር ማውጣት ሲጀምር ቅጠል በቅጠል ላይ ይደራረብና ቁጥሩ ማደግ ያቆማል፤ ተክሉ ግን እያደገ ነው። ሌላም ችግር አለ። ካሜራው ከመለኪያው ወለል 2 ሜትር ርቆ ሳለ 50 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ ቅጠል ወደ ካሜራው ስለሚቀርብ በርዝመት 1.33፣ በስፋት 1.78 እጥፍ ሆኖ ይታያል። ረጅም ዝርያ ከላይ ሲታይ ከእውነቱ በላይ ሰፊ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ቁመትን የሚወስነው ጂንም "የቅጠል ስፋት ጂን" ተብሎ ሊወጣ ይችላል።

ካሜራው የእጅ ስልክም ሊሆን ይችላል፤ በአግድሙ 4000 ፒክስል ያለው ምስል 1.6 ሜትር ቢሸፍን አንዱ ፒክስል 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። ነገር ግን ስልኩ በራሱ የሚያስተካክለው ነገር ሁሉ ይጥፋ፦ የብርሃን መጠን፣ የነጭ ሚዛን፣ የትኩረት ርቀት በእጅ ተስተካክለው ይቆለፉ፤ ማሳመሪያው ይዘጋ። በእያንዳንዱ ምስል ጥግ የቀለም መመዘኛ ካርድና ማስመሪያ ይግባ። ምስሎቹ በቴሌግራም ሲላኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩ፤ እንደ ፎቶ ከተላኩ ይጨመቃሉ፣ የተነሡበት ሰዓትም ይጠፋል።

የባልዲው ገጽ ሌላ ወጥመድ አለው። ውኃ የተኛበት አፈር በሁለት ሳምንት ውስጥ አረንጓዴ አልጌ ያበቅላል፤ ኮምፒውተሩም አልጌውን ቅጠል ብሎ ይቆጥረዋል። መሐሉ የተበሳ ክብ ሰማያዊ ፕላስቲክ ቆርጦ በባልዲው አፍ ላይ ማልበስ ችግሩን ይፈታል።

በፋይል ስም ላይ ደግሞ ቀን አይጻፍ። ካሜራው የሚቆጥረው በፈረንጅ ዘመን ነው፣ ደብተሩ የሚጻፈው በእኛ፤ ሐምሌ 5 እና ጁላይ 5 በአንድ ሠንጠረዥ ውስጥ ሲገናኙ የአንድ ሳምንት ዕድገት ይዛባል። ከተዘራ የተቆጠረው ቀን ይጻፍ፦ የባልዲ ቁጥር፣ ቀን 21፣ ጎን 1። የባልዲው ቁጥር በታተመ ኪውአር ኮድ ከሆነ ኮምፒውተሩ ራሱ ያነበዋል።

600 ባልዲ በ3 እይታ በ12 ቀን 21,600 ፎቶ ነው፤ አንዱ 4 ሜጋባይት ቢሆን 86 ጊጋባይት ይሆናል። ይህንን በኢንተርኔት ለመጫን መሞከር አያዋጣም። ሁለት ሃርድ ዲስክ ተገዝቶ፣ ሥራው በራስ ኮምፒውተር ፕላንትሲቪ ወይም ኢሜጅጄ በሚባሉት የምስል ሶፍትዌሮች ይሠራ፤ ሁለቱም ነጻ ናቸው። ቅጠሉን ከጀርባው የሚለየው ቀላሉ ቀመር የአረንጓዴ ብልጫ ነው፦ አረንጓዴው በ2 ተባዝቶ ቀይና ሰማያዊ ይቀነሱበታል። ቢያንስ 50 ምስል በዓይን ይመርመር። በተለይ ውኃ በተኛበት ቀይ አፈር ብረት ሲበዛ የሩዝ ቅጠል ዝገት መሰል ነሐስማ ቀለም ያወጣል፤ የአረንጓዴ ብልጫ ቀመሩ ይህንን ቅጠል ይጥለዋል፣ የታመመው ተክልም ያላደገ መስሎ ይቆጠራል።

አፈሩም ራሱ ይታሰብበት። የጅማ ቀይ አፈር ኮምጣጣ ነው፤ ፎስፈረስንም አጥብቆ ይይዛል፤ ፎስፈረስ ያጣ ሩዝ ደግሞ ቲለር አያወጣም። ለ4 ኪሎ የተነፋ አፈር 1.2 ግራም ኤንፒኤስ ሲዘራ፣ 0.4 ግራም ዩሪያ ደግሞ ተከፋፍሎ በኋላ ቢሰጥ በኪሎ አፈር ወደ 100 ሚሊ ግራም ናይትሮጅንና 50 ሚሊ ግራም ፎስፈረስ ይደርሳል። በማንኪያ መስፈር አይበቃም፤ ባልዲ ከባልዲ የሚለየው ማዳበሪያ የዘረመሉን ልዩነት ይውጠዋል።

## አማራጭ 3፦ በጣሪያ ላይ የተተከሉ ካሜራዎች

እንደ ራስፕቤሪ ፓይ ባሉ ትንንሽ ኮምፒውተሮች የሚመሩ፣ በየሰዓቱ በራሳቸው የሚያነሡ ካሜራዎች ናቸው። ቅጠል በቀን ውስጥ እንዴት እንደሚጠቀለልና እንደሚዘረጋ ለማየት ተወዳዳሪ የላቸውም። ባልዲዎቹ በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ከተደረደሩ ግን አንድ ካሜራ 12 ያህል ባልዲ ይሸፍናል፤ ለ600 ባልዲ 50 ካሜራ ማለት ነው። ለጥቂት ደርዘን ዝርያዎች ጥሩ፣ ለሰፊ የጂን ፍለጋ ግን ከባድ።

መብራት ሲጠፋ ሁለት ነገር ይበላሻል፦ የማስታወሻ ካርዱና ሰዓቱ። ከእነዚህ ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ የሰዓት ባትሪ የላቸውም፤ ኔትወርክ በሌለበት ሲነሡ የድሮ ሰዓት ይይዛሉ፣ ምስሎቹም በተሳሳተ ቀን ይመዘገባሉ። የሰዓት ሞጁልና የመብራት መጠባበቂያ ከመጀመሪያው በጀት ውስጥ ይግቡ።

## አማራጭ 4፦ ድሮን

ድሮን ለማሳ እንጂ ለባልዲ አይደለም። የሴንሰሩ ወርድ 13.2 ሚሊ ሜትር፣ ሌንሱ 8.8 ሚሊ ሜትር፣ ምስሉ 5472 ፒክስል የሆነ ካሜራ በ20 ሜትር ከፍታ ሲበር አንድ ፒክስል 0.55 ሴንቲ ሜትር ይሸፍናል። በዚህ የመደብ ሽፋንና የሰብሉ ቁመት ይለካል፤ ነጠላ ቅጠልና ቲለር አይታዩም። ቁመት ለማውጣት ዘሩ ከመብቀሉ በፊት ባዶው መሬት አንዴ መነሣት አለበት፤ ይህ በረራ ከተዘለለ የሚቀነስበት መነሻ አይኖርም። ምስሎቹ ፊትና ኋላ 80 በመቶ፣ ጎንና ጎን 75 በመቶ ይደራረቡ።

ውኃ የተኛበት የሩዝ ማሳ ለድሮን ፈታኝ ነው። ውኃው ሰማዩን ያንጸባርቃል፤ ሶፍትዌሩም ምስሎቹን የሚያያይዝበት ቋሚ ነጥብ ያጣል። ሰብሉ መሬቱን እስኪሸፍን የቁመት ስሌቱ አይታመንም። ውኃ ሳይተኛበት በዝናብ ብቻ የሚበቅለው ሩዝ፣ ኔሪካ የተባለው ዝርያ ዓይነት፣ ይህ ችግር የለበትም። በክረምት ከሰዓት በኋላው ዝናብ ስለሆነ በረራው ከረፋዱ 4 ሰዓት ተኩል እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ይሁን። የማስገቢያና የማብረሪያ ፈቃድ ሳይያዝ ድሮን መግዛት ገንዘብን ጉምሩክ ላይ ማስቀመጥ ነው፤ ፈቃዱ ይቅደም።

## አማራጭ 5፦ ውጭ ወዳለ ማዕከል መላክ

ተክሎችን በተንቀሳቃሽ ቀበቶ እያጓጓዙ የሚመዝኑ፣ የሚያጠጡና የሚያነሡ ማዕከሎች አሉ። በአውስትራሊያ አደላይድ ያለው ማዕከል በ2016 በታተመ ጥናት 553 የሩዝ ናሙናዎችን በጨው ሥር ያሳለፈ ነው። እያንዳንዱ ባልዲ የሚጠጣውን ውኃ በሚዛን ስለሚቆጣጠሩ ድርቅንና ጨውን ለማጥናት የሚተካቸው የለም። ለመደበኛ የዕድገት ጥናት ግን ወጪውንና የወረፋውን ጊዜ አይክሱም። ከአገር ውስጥ የተሰበሰበ ዘር ለመላክ የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ግዴታ ነው፤ ሕጉ አዋጅ ቁጥር 482/1998 ነው።

| አማራጭ | የሚነበበው ባህርይ | ለስንት ናሙና | የክፍያ ዓይነት | ዋናው አደጋ |
|---|---|---|---|---|
| በእጅ | ቁመት፣ ቲለር፣ ክብደት | እስከ 60 | የቀን ሠራተኛ፣ በብር | የሰው ልዩነት፣ መቁረጥ |
| የፎቶ ሳጥን | የቅጠል ስፋት፣ ቁመት፣ የዕድገት ፍጥነት | 150–300 | አንዴ፣ አብዛኛው በብር | አልጌ፣ የሰዓት መለያየት |
| የጣሪያ ካሜራ | የቀን ውስጥ እንቅስቃሴ | 20–60 | በካሜራ ብዛት | መብራት፣ ሰዓት መዛባት |
| ድሮን | የመደብ ሽፋን፣ የሰብል ቁመት | 200 በላይ መደብ | አንዴ፣ ከፍተኛ | ፈቃድ፣ ውኃ፣ ደመና |
| ውጭ ማዕከል | ሁሉም፣ ውኃ አጠቃቀምን ጨምሮ | 200–500 | በናሙና፣ በውጭ ምንዛሪ | ወረፋ፣ የዘር ፈቃድ |

## የዘረመሉ በኩል

የሩዝ ዘረመል 12 ክሮሞዞም፣ ወደ 390 ሚሊዮን ቤዝ (የዘረመል ፊደል) ነው። በተለያዩ ዝርያዎች ስብስብ ውስጥ አጎራባች ምልክቶች፣ ማለትም ዝርያዎች በዘረመል የሚለያዩባቸው ነጥቦች፣ አብረው የሚወረሱት በ100 ሺህ እና በ200 ሺህ ቤዝ መካከል ባለ ርቀት ነው። ስለዚህ 7,000 ምልክት በየ56 ሺህ ቤዝ አንድ ይደርሳል፤ ይበቃል። 1,000 ምልክት ግን በየ390 ሺህ ቤዝ አንድ ነው፤ ለጂን ፍለጋ የሳሳ፣ ለሁለት ወላጆች ልጆችና በዘረመል ለሚመረጥ የማዳቀል ሥራ ግን ተስማሚ ነው። ጥቂት የታወቁ ጂኖችን ብቻ ለማጣራት፣ ለምሳሌ የጎርፍ መቋቋሚያውን ሰብ1ኤ፣ ካስፕ የሚባለው፣ አንድ ነጥብ ብቻ የሚመረምር ምልክት ይበቃል።

አነስተኛ በጀት ላለው ቡድን ከሁሉም የሚያዋጣው ግን ዘረመሉ አስቀድሞ የተነበበለትን ዘር ማስመጣት ነው። በ2018 ውጤቱ የታተመው የ3,010 ሩዞች ንባብ በነጻ ይገኛል፤ ዘሩም ከዓለም አቀፉ የሩዝ ምርምር ተቋም በመደበኛው የዘር ማስተላለፊያ ስምምነት ይጠየቃል። ሲጠየቅ ዘረመሉ ከተነበበው ተክል የተባዛው መስመር ይጠቀስ፤ በዘር ባንኩ ያለው የመጀመሪያው ናሙና ቅይጥ ሊሆን ይችላል። የሚመጣው ጥቂት ግራም ስለሆነ ከኳራንቲን በኋላ አንድ ወቅት ለማባዣ ይያዝለት። በዚህ መንገድ የዘረመል ንባቡ ወጪ ሙሉ በሙሉ ይቀራል፣ ገንዘቡም ወደ ባልዲና ወደ ድግግሞሽ ይሄዳል።

በትንተናው ጊዜ ጅማ ላይ ሁለት ነገር በተለይ ያሳስታል። የመጀመሪያው ብርድ ነው። ከተማው 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ጃፖኒካ የሚባለው የሩዝ ወገን ከኢንዲካው ይልቅ ብርድ ይችላል። ሁለቱን ወገኖች ቀላቅሎ የዝምድና ማስተካከያ ሳይደረግ ቢተነተን፣ ወገኖቹን የሚለየው ምልክት ሁሉ ከዕድገት ጋር የተያያዘ መስሎ ይወጣል። ጋፒት ወይም ታሰል በሚባሉት የትንተና ሶፍትዌሮች ውስጥ የናሙናዎቹ የዝምድና ሠንጠረዥና የወገን ልዩነትን የሚያጠቃልሉ ቢያንስ 3 ዋና ክፍሎች (ፕሪንሲፓል ኮምፖነንት) ይግቡ፤ ከተቻለም ስብስቡ ከአንድ ወገን ይሁን። በዚሁ ብርድ የተነሣ ዘለላ ሳይሞላ ሊቀር ስለሚችል የምርት መጠን በከተማው ዙሪያ አይለካ፤ ያ ሥራ ወደ ቆላው ይሂድ።

ሁለተኛው የቀን ርዝመት ነው። እዚህ ቀኑ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም ስለማይርቅ አጭር ቀን የሚወዱ ዝርያዎች ቶሎ ያብባሉ፤ ማበብ ሲጀምሩ ቅጠል ማውጣት ያቆማሉ። በ60ኛው ቀን የሚለካ የቅጠል ስፋት ዕድገትን ሳይሆን እንደ ኤችዲ1 ያሉ የአበባ ጂኖችን ያሳያል። ምስሉ ከ15ኛው እስከ 45ኛው ቀን ይነሣ፤ የአበባው ቀንም ይመዝገብ።

ለጂን ፍለጋው የሚገባው ቁጥር የአንድ ቀን ስፋት ባይሆን ይመረጣል። የዕድገት ፍጥነት ይሻላል፦ ስፋቱ ከ40 ወደ 160 ካሬ ሴንቲ ሜትር በ10 ቀን ካደገ የተፈጥሮ ሎጋሪዝሙ ልዩነት 1.386 ነው፤ ለ10 ሲካፈል በቀን 0.139 ይሆናል። የመነሻው የዘር መጠን ልዩነት በዚህ መንገድ ይቀንሳል። አንድ ምልክት ከባህርዩ ጋር ተያይዟል የሚባልበት የድንበር መስፈርትም ይጻፍ፤ 7,000 ምልክት ካለ 0.05 ለ7,000 ሲካፈል፣ በመሠረት 10 ሎጋሪዝም (የመቀነስ ምልክቱ ተትቶ) 5.15 ይደርሳል። ስብስቡ ውስጥ አጭርም ረጅምም ዝርያ ካለ ቁመቱ አብሮ ይተንተን፦ በክሮሞዞም 1 ላይ 38 ሚሊዮን ቤዝ አካባቢ ያለው ኤስዲ1፣ የአረንጓዴው አብዮት አጭሩ ጂን፣ ካልታየ ሌላ ውጤት ከማመን በፊት የባልዲ ቁጥሮቹና የዘር ስሞቹ መዛመዳቸው ይፈተሽ።

## ለማን የትኛው?

ለአንድ ዓመት የማስተርስ ሥራ 40 እስከ 60 ዝርያ በ4 ድግግሞሽ፣ የፎቶ ሳጥንና የእጅ ቲለር ቆጠራ ይበቃል። በዚህ ቁጥር የጂን ፍለጋ አይሞከር፤ የዝርያ ልዩነትንና የውርስ መጠንን በትክክል ማሳየት ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ለዶክትሬት ወይም ለሦስት ዓመት ፕሮጀክት 200 ከዚያም በላይ ዘረመላቸው የተነበበ ናሙናዎች በ3 ድግግሞሽ፣ የፎቶ ሳጥን፣ በየ3 ቀኑ ምስል። የጥላ ቤቱ 600 ባልዲ ካልያዘ ናሙናውን ወደ 150 አውርዶ ድግግሞሹን ማቆየት ይሻላል። የመጀመሪያው ወቅት የዘር ማባዣና የ30 ባልዲ ሙከራ ይሁን፤ አልጌው፣ መብራቱ፣ የፋይል ስሙ የሚፈተኑት ያኔ ነው።

ዝርያ ለገበሬ የሚያደርስ ማዕከል ከሆነ ማሳው ላይ ድሮን፣ በ1,000 ምልክት የሚሠራ የዘረመል ምርጫ፣ ቦታው ጨዋቃ ወይም ጉራፈርዳ።

ድርቅን ወይም ጨውን የሚያጠና፣ አጋር ዩኒቨርሲቲ ያለው ቡድን ደግሞ ከሳጥኑ ውጤት የተመረጡ 20 እስከ 30 ናሙናዎችን ብቻ ውጭ ወዳለው ማዕከል ይላክ። የብዝሃ ሕይወት ፈቃዱንና የእፅዋት ጤና ምስክር ወረቀቱን መጠየቅ የሚጀመረው ሳጥኑ ውስጥ የመጀመሪያው ፎቶ ሲነሣ ነው።